በር ሲመከር

ሐዋሳ፣ ከአሞራ ገደል ወዲህ፣ ከባጃጅ ተራው ጀርባ፣
አሥራ ሁለት ተኩል ላይ የማታው ክፍል ሲገባ፣
ሥዕሎቼን አወጣለሁ፤ ያለፈው ዓመት ካላንደር፣
ጀርባው ላይ የሣልኳቸው ሊያልቅ በደረሰ ማርከር።
ጥርሱን የያዘ ጎልማሳ፣ ጉንጩ እንደ ዳቦ ያበጠው፤
ሻንጣ አንጠልጥሎ የሚሮጥ፣ አውቶቡስ ያመለጠው፤
ጣሪያዋ የሚያፈስባት ሴት፣ ባልዲ በራሷ ደፍታ።
«ምከሩ» እላቸዋለሁ፣ «ለአንድ ሥዕል አንድ አፍታ።
ደብተር ዝጉ፣ አፍ ይከፈት፣ እርሳስ ጆሮ ላይ ይደር፤
ስሕተት ብትሳሳቱ በእኔ ስም ይቆጠር።»

ዱካሞ፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ እጁ ዓሣ የሚሸተው፣
ያን ጥርሱን የያዘ ሰው በምክር ሊጎትተው፣
«ዩ ሹድ ፑል!» ብሎ ተነሣ፣ ክንዱ መረብ እየሳበ፤
ክፍሉ በሣቅ ሲናወጥ
አጥር ላይ የቆመው አባ ኮዳ ክንፉን ሰበሰበ።
ፍሬሰንበት፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ሐይቅ ዳር ካለው ሆቴል፣
ለጥርሱም ለባልዲዋም አንገቷን ሰበር አድርጋ፣
«ፕሊስ፣ ሬስት ኤ ሊትል።»

ይህችን «ሹድ» የምትባል ቃል የት ላስቀምጣት እላለሁ።
«አለብህ» ብላት ዱላ ናት፣ «ይገባሃል» ብላት ዳኛ፤
«ብትሞክርስ?» ብላት ትቀላለች፣ ትሆናለች መንገደኛ።
እኛ ሰፈር ምክር ማለት ከሽማግሌ ጋር የሚመጣ፣
ተረት ቀድሞ ተቀምጦ፣ ነገር በኋላ የሚወጣ።
እዚህ ሦስት ቃል በቃች፦ ባለቤት፣ ሹድ፣ ግሥ፤
ያለ ሰላምታ የምትደርስ፣
ያለ ምርቃት የምትመለስ።

የመጨረሻው ሥዕል ላይ ሰው አለ፣ በር ፊት የቆመ፤
ሊያንኳኳ እጁን አንሥቶ፣ አየር ላይ የደከመ።
ለምን እንደሣልኩት አላውቅም። ያን ሌሊት መብራት ጠፍቶ፣
በሻማ፣ እጄ ነው የሣለው፣ እኔን ሳያማክር ከቶ።

«የቤቱን ቁጥር ይይ» አለ አንዱ። «ውሻ ካለ ይጠይቅ» ሌላው።
«ሂ ሹድ ኮል!» አለ የባጃጁ ልጅ፣ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣
ለሥዕሉ ሊያበድረው።

ማራሜ ዝም ብላለች። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የመጣች፣
የሸሚዝ እጅጌ ከትከሻ ስታጋጥም የዋለች፣
እንቅልፍ ዓይኗን ሲጎትታት ዴስኩን በጥፍሯ የቧጨረች።
ሥዕሉን አየችው። ሰውየውን አለፈችው።
ጣቷን ከሰውየው አሻግራ እንጨቱ ላይ አሳረፈችው።
«ዘ ዶር» አለች ቀስ ብላ፣
«ዘ ዶር ሹድ ኦፕን።»

ማንም አልሣቀም።
ባለቤት አለው፣ ሹድ አለው፣ ግሥ አለው፤ አንድም ነገር አልጎደለ፤
ቀይ እስክሪብቶዬ ግን ክዳኑ እንደተከፈተ ዋለለ።
«በር አይመከርም፣ ምክር ለሰው ነው» ልላት ስል
ምላሴ ላይ ቀረ።

ምክንያቱም ከበሩ ወዲያ ማን እንዳለ አልሣልኩም።
እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ
የብረት በሬን ሦስቴ መትቶ የሚጠብቀው
ታላቅ ወንድሜ ነው፤ የእናታችንን ቤት
ሳይነግረኝ የሸጠው።
አራት ዓመት ይሆናል። ከመጋረጃዬ ጀርባ
ድመቴን አቅፌ፣ ትንፋሼን ውጬ፣
እርምጃው ኮብልስቶኑ ላይ እስኪጠፋ እቆጥራለሁ።
ያ ሥዕል ከመንገድ አልታየም፤
በቁልፍ ቀዳዳ ነው።

ክፍሉ ተበተነ። ሥዕሎቼን እንደያዝኩ መቆሜን አይቶ፣
ዱካሞ ከደጃፉ ዞረ፣ ኮፍያውን አንሥቶ፦
«ቲቸር፣ ዩ ሹድ ጎ ሆም። ኢት ኢዝ ሌት።»
ስድስት ወር ያስተማርኩት፣ አንድም እንከን የሌለበት።

ታቦር ተራራ ላይ ጥቂት መብራት ነበር።
ቤቴ ገብቼ የበሩን መቀርቀሪያ
ከዓሣ መጥበሻ በተረፈ ዘይት ቀባሁት፤
ስለሚጮህ ነው ብዬ፣
ሌላ ምክንያት አልሰጠሁት።

ገና ሐሙስ ነው።